የጁዶ ቀበቶ የሚመዝነው ምንድን ነው?

ከመካከላችን አንዱ «ጥቁር ቀበቶ አለው» የተባለ እንደ ሆነ፣ ወሬው ከመኝታ ክፍል ተነሥቶ ምግብ አዳራሽ ሳይደርስ ሰውየው ግድግዳ በጡጫ የሚያፈርስ ጀግና ሆኖ ይገኛል። አንዳንዱም «ከእርሱ ጋር መጣላት አይበጅም» እያለ በሩቁ ይሸሸዋል። ይህ ግምት ከፊልም የመጣ እንጂ ከነገሩ ከራሱ የመጣ አይደለም። ቀበቶውን የፈጠሩት ጃፓናውያን ለመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ የሰጡት ስም «ሾዳን» ነው፤ ትርጓሜውም የመነሻ ደረጃ ማለት ነው። በአገራችን ልማድ ብንመስለው፣ ባለ ጥቁር ቀበቶ ማለት ፊደል ቆጥሮ የጨረሰና ዳዊት ለመጀመር የተቀመጠ ተማሪ እንጂ፣ ድጓውንና ቅኔውን አድርሶ ወንበር የዘረጋ መምህር አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ በጁዶ ትምህርት አንድ ተማሪ ከነጭ ቀበቶ ተነሥቶ ወደ ጥቁር ቀበቶና ከዚያም በላይ ለመድረስ ምን ምን ማወቅ እንደሚገባው፣ ይልቁንም ቀበቶው የሚመዝነው የትኛውን የሰው ችሎታ እንደ ሆነ ነው። በአገራችን ይበልጥ የታወቁት ካራቴና ቴኳንዶ ሲሆኑ ጁዶን የመረጥሁበት ምክንያት፣ የጥቁር ቀበቶ ልማድ የተጀመረው በእርሱ ስለ ሆነና ሌሎቹም ከእርሱ ስለ ወሰዱት ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አጀማመሩ

ጁዶን የመሠረቱት ካኖ ጂጎሮ የተባሉ ጃፓናዊ ናቸው። ካኖ በ1860 ተወለዱ። በልጅነታቸው ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸውም ቀጭን ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ያስቸግሩአቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ ደካማው ብርቱውን ሊጥልበት ይችላል ሲባል የሰሙትን ጁጁትሱ የተባለውን ጥንታዊ የትግል ጥበብ ለመማር ቆረጡ። ጊዜው ግን ለዚህ አመቺ አልነበረም። ከ1868 ወዲህ ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራባውያን ሥልጣኔ ስላዞረች የሳሙራይ ጥበብ እንደ አሮጌ ዕቃ ተንቆ፣ ከጥንቶቹ መምህራን ብዙዎቹ በወጌሻነት ይተዳደሩ ነበር። ካኖ በ1877 ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ ከተባሉት መምህር ዘንድ ገቡ፤ እርሳቸው ሲሞቱም ከሌሎች ሁለት መምህራን እየተማሩ ቀጠሉ። የዚህም ትምህርት አብዛኛው የተፈጸመው ካኖ እንደ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነው፣ ቀን በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ማታ ምንጣፍ ላይ እየወደቁ ሳሉ ነው።

በ1882 ዕድሜያቸው ገና 21 ዓመት ሳለ፣ በቶክዮ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ ብቻ የሚነጠፍበት ክፍል ይዘው ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች 9 ነበሩ። ካኖ ከልዩ ልዩ የጁጁትሱ ትምህርት ቤቶች ያገኙትን ሁሉ መርምረው፣ በሙሉ ኀይል ቢሞከር ሰው የማይጎዳውን ለነጻ ልምምድ አስቀሩት፤ ጡጫን፣ ርግጫንና ሌላውንም አደገኛ ነገር ግን «ካታ» በተባለው፣ እንቅስቃሴው አስቀድሞ በተወሰነ ልምምድ ውስጥ ብቻ እንዲጠበቅ አደረጉ። «ጁትሱ» ማለት ጥበብ ወይም ዘዴ ሲሆን፣ እርሳቸው በዚህ ፈንታ «ዶ»፣ ማለትም መንገድ፣ የሚለውን ቃል አገቡበት። ስለዚህ ጁዶ ማለት የለዘብተኝነት መንገድ ነው።

ለዝቦ ስለ ማሸነፍ

ለዝቦ ማሸነፍ እንዴት ይቻላል? ካኖ ይህን ሲያስረዱ በቁጥር ይመስሉት ነበር። የአንዱ ሰው ኀይል 10፣ የሌላው 7 ነው እንበል። ባለ 10ሩ ሲገፋ ባለ 7ቱ ልቋቋም ቢል መገፋቱ ወይም መውደቁ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባለ 7ቱ ሚዛኑን ሳይለቅ በተገፋበት መጠን ቢያፈገፍግ፣ የሚገፋው ሰው የሚደገፍበት አጥቶ ወደ ፊት ያዘነብላል። በዚያች ቅጽበት ሚዛኑን ስለ ሳተ ከ10ሩ ኀይል የሚሠራለት 3 ያህል ብቻ ነው፤ የባለ 7ቱ ኀይል ግን እንዳለ ነው፤ ግማሹን ብቻ አውጥቶ ሊጥለው ይችላል። የተዘጋ መስሎት በሩን በትከሻው በኀይል የገፋ ሰው፣ በሩ ገርበብ ብሎ ቢያገኘው በአፍንጫው እንደሚደፋ ማለት ነው። ይህም ሲባል ክብደትና ብርታት ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ከንቱ ቢሆኑማ ኖሮ የጁዶ ውድድር በክብደት ባልተከፈለ ነበር።

ማንኛውም አጣጣል ሦስት እርምጃ አለው። የመጀመሪያው «ኩዙሺ»፣ ይኸውም የባላጋራን ሚዛን ማሳት ነው፤ ለዚህም ስምንት አቅጣጫ ይቆጠራል። ሁለተኛው «ትሱኩሪ»፣ የራስን ሰውነት ለመጣል በሚያመች ቦታ ማስገባት ነው። ሦስተኛው «ካኬ»፣ መጣሉ ራሱ ነው። ለምሳሌ «ኦ-ጎሺ» የተባለውን የዳሌ አጣጣል እንውሰድ። የባላጋራህን እጅጌ ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ላይ ስትስበው በጣቶቹ ጫፍ ይቆማል፤ ወዲያው ጀርባህን ሰጥተኸው ትዞርና አንድ ክንድህን በወገቡ ታዞራለህ፤ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን ከቀበቶው በታች ታገባለህ፤ ከዚያ ጉልበትህን ስታቀና ሰውየው በዳሌህ ላይ ተንከባልሎ ከፊትህ ይወርዳል። በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል የሰውን ኀይልና የእግሩን መታጠፊያ አንድ አድርጎ መጥራቱ እዚህ ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ያላለ ሰው፣ ክንዱ የቱን ያህል ቢወፍር፣ ሌላውን በዳሌው ሊያነሣ አይችልም። ጀማሪም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው መጀመሪያውን እርምጃ ዘሎ ሦስተኛውን ስለሚጀምር ነው።

ስልቶቹ

ኮዶካን ዛሬ የሚቀበላቸው ስልቶች በጠቅላላው 100 ናቸው። ከእነዚህ 68ቱ የመጣል ስልቶች ሲሆኑ፣ 32ቱ መሬት ላይ ይዞ የማሸነፍ ስልቶች ናቸው።

የመጣል ስልቶች ቆመው የሚሠሩና ራስን አስቀድሞ በመጣል የሚሠሩ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ። ቆመው የሚሠሩት በእጅ፣ በዳሌና በእግር የሚሠሩ ናቸው። በእጅ ከሚሠሩት «ሴኦይ-ናጌ» ባላጋራን ልክ እንደ ጭነት በጀርባ ተሸክሞ በትከሻ ላይ አሳልፎ መጣል ነው። በእግር ከሚሠሩት «ኦሶቶ-ጋሪ» ሰውየውን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ክብደቱ ያረፈበትን እግር ከውጭ በኩል እንደ ማጭድ ማጨድ ነው፤ «ጋሪ» የሚለውም ቃል ማጨድ ማለት ነው። ራስን በመጣል ከሚሠሩት ደግሞ «ቶሞኤ-ናጌ» የታወቀ ነው፤ በዚህ ስልት ተጋጣሚው በጀርባው እየተኛ እግሩን በባላጋራው ሆድ ላይ አድርጎ በራሱ ላይ አሳልፎ ይወረውረዋል።

32ቱ የመሬት ስልቶች 10 ይዞ የማቆያ፣ 12 የማነቂያና 10 የመጋጠሚያ መጠምዘዣ ናቸው። ከማቆያዎቹ «ኬሳ-ጋታሜ» ስሙን ያገኘው የቡድሃ መነኮሳት በአንድ ትከሻቸው ላይ አግድም ከሚያጣፉት ልብስ ነው፤ ያዡ በተጣለው ሰው ደረት ላይ እንደዚያ አግድም ይጫናልና። በማነቂያና በክንድ መጠምዘዣ የተያዘ ሰው ምንጣፉን ወይም የያዘውን ሰው ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገ ተሸንፎአል ማለት ነው። የያዘውም ሰው በዚያችው ቅጽበት መልቀቅ ግዴታው ነው። ይህን ሕግ የማያከብር ሰው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን ከምንጣፉ ይባረራል እንጂ ማዕረግ አይሰጠውም።

ኮዶካን የመጣል ስልቶችን ለማስተማር እንዲመች በ1895 በአምስት ቡድን ከፍሎአቸው ነበር። ይህ ክፍፍል በ1920 ታርሞ እያንዳንዱ ቡድን 8 ስልት እንዲይዝ ስለ ተደረገ በጠቅላላው 40 ሆነዋል። በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ከዚህ በላይ የጠቀስናቸው ኦ-ጎሺ፣ ኦሶቶ-ጋሪና ሴኦይ-ናጌ ይገኛሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መውደቅ

ይሁን እንጂ አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። ይህም «ኡኬሚ» ይባላል። ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎን፣ እንዲሁም ወደ ፊት እየተንከባለሉ መውደቅ አለ። ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው የራስ ቅሉ ከመሬት እንዳይጋጭ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፤ ጀርባውን እንደ ቅል ያጎብጣል፤ ከዚያም ሁለት ክንዶቹን ከእነመዳፋቸው ከጎኑ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ምንጣፉን ይመታል። እንዲህ ሲሆን የውድቀቱ ኀይል በአንድ አጥንት ላይ ሳያርፍ በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ይከፋፈላል። ባልለመደ ሰው ዘንድ ግን የተፈጥሮ ልማድ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬት መደገፍ ነው፤ የእጅ አንጓና ክርን የሚሰበረውም በዚሁ ነው።

መውደቅ ያልቻለ ሰው ይፈራል፤ የሚፈራ ሰው ሰውነቱን ያደርቃል፤ ሰውነቱን ያደረቀ ሰው ደግሞ መጣልም አይችል። ስለዚህ ለመጣል የሚያበቃው መንገድ በመውደቅ በኩል የሚያልፍ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሚጥለው ሰው የጣለውን ሰው እጅጌ አይለቅም። ባላጋራው ከምንጣፉ ሊደርስ ሲል እጅጌውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ጭንቅላቱን ያድንለታል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በጁዶ ምንጣፍ ላይ ግን የወደቀው ሰው የሚያገኘው የጣለውን ሰው እጅ ነው።

ቀበቶውና መመዘኛው

በጥንቱ የጁጁትሱ ትምህርት ቤት ማዕረግ የሚሰጠው በብራና መሳይ ጥቅል ጽሑፍ ነበር፤ ከአንዱ ጥቅል እስከ ሌላው ብዙ ዓመታት ያልፉ ነበር። ካኖ ይህን ለውጠው በ1883 ሁለት ተማሪዎቻቸውን ሳይጎ ሺሮንና ቶሚታ ትሱኔጂሮን ሾዳን አደረጉአቸው። በ1886 ገደማ ባለ ማዕረጎቹ ከሌሎቹ ተለይተው እንዲታወቁ ጥቁር ቀበቶ መታጠቅ ጀመሩ። ስለዚህ ነጩ ቀበቶ ሳይታጠብ በላብና በእድፍ ብዛት ጠቆረ የሚባለው ተረት ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀበቶዎች ደግሞ በአውሮፓ፣ በለንደንና በፓሪስ የተስፋፉ ናቸው፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ወደ ፓሪስ ሄደው ያስተማሩት ካዋይሺ ሚኪኖሱኬ በዚህ ስማቸው ይነሣል።

ከጥቁር በታች ያሉት ደረጃዎች «ኪዩ» ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም እየቀነሰ ይሄዳል። ከጥቁር ጀምሮ ያሉት «ዳን» ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም እየጨመረ ይሄዳል። የኪዩ ቀለምና መመዘኛ ከአገር አገር ይለያያል፤ በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ግን የሚከተለውን ይመስላል።

ሀ) ከነጭ ወደ ቢጫ፦ ተማሪው በየአቅጣጫው ሳይጎዳ መውደቅን፣ ሰላምታ አሰጣጥን፣ የልብስ አያያዝንና አረማመድን ያሳያል። ከመጀመሪያው ቡድን ጥቂት አጣጣሎችን፣ ከማቆያዎችም አንድ ሁለቱን ይሠራል።

ለ) ብርቱካናማና አረንጓዴ፦ ስልቶቹ ይበዛሉ። ተማሪው ቆሞ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ የሚንቀሳቀስ ሰው መጣልን፣ አንዱ ስልት ሲከሽፍ ወደ ሌላው መሸጋገርን፣ ከማቆያ ማምለጥንም ይጠየቃል።

ሐ) ሰማያዊና ቡናማ፦ ራስን በመጣል የሚሠሩት ስልቶች፣ ማነቅና ክንድ መጠምዘዝ፣ የባላጋራንም ጥቃት በራሱ ላይ መመለስ ይገባሉ። ማነቅና መጠምዘዝ ለትንንሽ ልጆች አይፈቀዱም።

መ) ጥቁር፣ ማለትም አንደኛ ዳን፦ እጩው የስልቶቹን ስምና አሠራር ማወቁን ያስመሰክራል፤ በውድድር ነጥብ ማግኘትና ከቡናማው ቀበቶ በኋላ የተወሰነ ጊዜ መቆየት ይጠየቃል። በኮዶካን ዕድሜው ቢያንስ 14 ዓመት መሆን አለበት። ከዚህም ጋር «ናጌ-ኖ-ካታ» ከተባለው፣ 15 አጣጣሎች በአምስት ክፍል ከተሰደሩበት ካታ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ያሳያል፤ ይኸውም 9 አጣጣል በቀኝና በግራ ማለት ነው።

በአውሮፓ እስከዚህ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በጃፓን ግን በትምህርት ቤት ዘወትር የሚለማመድ ወጣት ባጠረ ጊዜ ሊደርስበት ይችላል፤ እዚያ ጥቁር ቀበቶ መነሻ መሆኑን ሁሉ ያውቃልና።

ካታ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ወጣቶች በካታ ይሰለቻሉ። «ማን ማንን እንደሚጥል አስቀድሞ ከታወቀ ይህ ጭፈራ እንጂ ትግል ነውን?» ይላሉ። ለዚህ ሁለት መልስ አለ።

አንደኛው፣ ካታ የጥበቡ ማኅደር ነው። «ካታ-ጉሩማ» የተባለውን፣ ባላጋራን እንደ በግ በጫንቃ ተሸክሞ የመጣል ስልት እንመልከት። በጥንታዊው አሠራሩ የሚጥለው ሰው በአንድ እጁ የባላጋራውን እግር ይይዛል። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ከ2010 ጀምሮ እግርን በእጅ መያዝን እየገደበ ሄዶ በ2013 ፈጽሞ ስለ ከለከለው፣ ይህ አሠራር ከውድድር ወጥቶአል። ለጥቁር ቀበቶ በሚፈለገው ካታ ውስጥ ግን ዛሬም አለ። የውድድር ሕግ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ካታው ግን የተረሳውን ያስታውሳል።

ሁለተኛው ይበልጥ ጠቃሚ ነው። በካታ ፈተና ላይ የሚቀርቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ይወድቃል። የሚወድቀው ሰው በእውነት ካላጠቃ የሚጥለው ሰው ስልት ባዶ ይሆናል፤ ቀድሞ ከወደቀም ውሸት ይሆናል፤ ሰውነቱን ካደረቀ ሁለቱም ይጎዳሉ። መርማሪዎቹም ሁለቱን አንድ ላይ ያያሉ። ስለዚህ ጓደኛውን የናቀ ተማሪ ይህን ፈተና ሊያልፍ አይችልም። ካኖ በ1922 ትምህርታቸውን በሁለት መመሪያ ሲያጠቃልሉ አንዱን ኀይልን በሚገባ ማዋል፣ ሁለተኛውን እርስ በርስ ተጠቃቅሞ አብሮ መበልጸግ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንደኛ ዳን በላይ

በኮዶካን ለሁለተኛ ዳን ናጌ-ኖ-ካታ በሙሉ፣ ለሦስተኛ ዳን ደግሞ 5 ማቆያ፣ 5 ማነቂያና 5 መጠምዘዣ ያለበት «ካታሜ-ኖ-ካታ» ይፈለጋል። እስከ አምስተኛ ዳን ቀበቶው ጥቁር ነው፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ቀይና ነጭ፣ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ቀይ ይሆናል። ማዕረጉ ከፍ እያለ ሲሄድ የሚመዘነው ስንት ሰው ጣለ ተብሎ ሳይሆን ምን አስተማረ፣ ማንን አሳደገ ተብሎ ነው። በ2006 ከተሾሙት ሦስት ሽማግሌዎች ጋር ኮዶካን ዐሥረኛ ዳን የሰጣቸው ሰዎች 15 ብቻ ሆኑ።

ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ የተዛባበት ጊዜ ነበረ። ከዚህ በላይ ስማቸውን ያነሣናቸው የካኖ የመጀመሪያ መምህር ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የልጅ ልጅ የሆኑት ወይዘሪት ፉኩዳ ኬይኮ፣ በ1935 በካኖ ጋባዥነት በኮዶካን የሴቶች ክፍል ገብተው ተማሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማስተማር ቢያሳልፉም፣ በዚያ ዘመን ሴት ከአምስተኛ ዳን አታልፍም የሚል ደንብ ስለ ነበረ ለብዙ ዓመታት በዚያው ላይ ቆሙ። ወንዶቹ የሚፈተኑትን ስለማያውቁ አልነበረም፤ በሩ ስለ ተዘጋ ነው። ከብዙ አቤቱታ በኋላ በ1972 ስድስተኛ ዳን ተሰጣቸው፤ በ2006 በኮዶካን ዘጠነኛ ዳን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ2013 ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ዓመት ነበር። የሴቶች ጁዶ በኦሊምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ውድድር የሆነው በ1992 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው፣ መመዘኛ በወረቀት ላይ ቢያምር ብቻ አይበቃም፤ መዛኙም መመዘን አለበት።

በቶክዮ የታየው

ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የገባው በ1964 በቶክዮ ነው። ያ ኦሊምፒክ ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነው፤ አበበ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው ኦክቶበር 21 ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ኦክቶበር 23፣ የክብደት ወሰን በሌለበት ጁዶ ለመጨረሻው ግጥሚያ የቀረቡት ጃፓናዊው ካሚናጋ አኪዮና የኔዘርላንዱ አንቶን ጌሲንክ ነበሩ። ጃፓን ከአራቱ ወርቆች ሦስቱን ወስዳ ነበር፤ አራተኛው ግን ለሕዝቡ ከሦስቱ ይበልጥበት ነበር። ጌሲንክ ካሚናጋን መሬት ላይ አግኝቶ ከላይ በገለጽነው በኬሳ-ጋታሜ ያዘው፤ ለድል ያስፈልግ የነበረው 30 ሰኮንድም አለፈ። የአገሩ ሰዎች በደስታ ሰክረው ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጌሲንክ ገና ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። ከዚያ ተነሥቶ ልብሱን አስተካክሎ ለተሸነፈው ሰው እጅ ነሣ። ጃፓናውያን በዚያ ቀን ያዘኑትን ያህል ያን የተዘረጋ እጅ ያከብሩታል። ባዕድ አገር ሰው ስልታቸውን ብቻ ሳይሆን ትምህርታቸውን እንደ ተማረ ያዩት በዚያ ነውና።

ለመማር ለሚያስብ ጓደኛ

እንግዲህ ከእኛ መካከል ጁዶን ወይም የእርሱን ዘመድ የሆነ ሌላ ጥበብ ለመማር የሚያስብ ቢኖር፣ መምህሩን «ጥቁር ቀበቶ በስንት ወር ይሰጣል?» ብሎ አይጠይቅ። ይልቁንስ አንድ ቀን ጎን ቁጭ ብሎ ይመልከት። ጀማሪዎቹ መውደቅ ይማራሉን? የሚጥለው ሰው እጅጌ ይይዛልን? መታ መታ ሲደረግ ወዲያው ይለቀቃልን? ታላላቆቹ ታናናሾቹን የሚያሳድጉ ናቸው ወይስ የሚሰብሩ? እነዚህ ካሉ ቀበቶው በጊዜው ይመጣል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና። እነዚህ ከሌሉ ግን በገንዘብ የተገኘው ቀበቶ ሱሪ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም።

እኛም በየዓመቱ መጨረሻ ጥቁር ካባ ለብሰን ፎቶግራፍ ለመነሣት የምንጣደፍ ተማሪዎች ነን። ካባውን ከመልበሳችን በፊት፣ ሾዳን ማለት መነሻ ማለት እንደ ሆነ ብናስታውስ መልካም ነው። ዲግሪያችን ከእኛ በታች ያለውን ለመጣል የተሰጠን ጉልበት ነው ወይስ የሚወድቀውን እጅጌ ይዘን ለማዳን? መርማሪዎቹ ይህን አይጠይቁንም፤ በኋላ የሚጠይቀን ሕዝቡ ነው።